ቆቅን የተመለከተው ፈላስፋ፤ የአርስጣጣሊስ የሕይወት ታሪክ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ከጥንት ታላላቅ ሰዎች የአንዱን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ባዘዙኝ ጊዜ ጓደኞቼ ሁሉ የጦር ሰው እንድመርጥ መከሩኝ። አንዱ ታላቁን እስክንድርን ጻፍ አለኝ፤ ሁለተኛው አኒባልን፥ ሦስተኛውም ናፖሊዎንን። እኔ ግን የእስክንድርን አስተማሪ መረጥሁ። የፍልስፍና ፍቅር ይዞኝ ነው ለማለት አልደፍርም፤ የዚህን ሰው የፍልስፍና መጻሕፍት ብዙዎቹን ጀምሬ ሳልጨርስ ትቻቸዋለሁና። ምክንያቴ አንዲት ቆቅ ናት።

ነገሩም እንዲህ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ መንዝ ውስጥ በአያቴ ቤት የሁለት ጥጆችና የአንዲት ጊደር ጠባቂ ነበርሁ። ክረምቱ አልፎ ሣሩ ጉልበት በደረሰበት ወራት፥ አንድ ቀን ከእግሬ ሥር አንዲት ቆቅ ዱብ ብላ ወጣች። እንደ ሌላው ጊዜ ፍርር ብላ አልበረረችም። አንድ ክንፏን መሬት ለመሬት እየጎተተች፥ እየወደቀችና እየተነሣች በፊቴ ትንፏቀቅ ጀመር። የተሰበረች መስሎኝ ዱላዬን ጥዬ ተከተልኋት። እጄ ሊደርስባት ጥቂት ሲቀረው ትፈናጠራለች፤ ደክሞኝ ስቆም እርሷም ትቆማለች፤ ወደ ኋላ የተመለስሁ እንደ ሆነም የባሰውን ትንደባለላለች። እንዲህ እያደረገች ከገደሉ አፋፍ ካደረሰችኝ በኋላ፥ ምንም እንዳልነካት ሁለቱን ክንፎቿን ዘርግታ ከሸለቆው ማዶ ገባች። ስመለስ ጊደሪቱን በጎረቤታችን ባቄላ መካከል ቆማ አገኘኋት። በዚያን ዕለት የቀመስሁትን አለንጋ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አያቴ አለንጋቸውን ከሰቀሉ በኋላ እሳቱ ዳር አስቀመጡኝና ቆቋ ያልተሰበረች መሆኗን ነገሩኝ። ጫጩቶቿ እኔ መጀመሪያ ከቆምሁበት ሥፍራ ሣሩ ውስጥ ተለጥፈው ተኝተው እንደ ነበር፥ እርሷም እኔን ከእነርሱ ለማራቅ ስትል እንዲያ እንደ ሆነች አስረዱኝ። በአገራችን ጠንቃቃውንና በቀላሉ የማይያዘውን ሰው ቆቅ ነው እንለዋለን፤ የዚህ አነጋገር ትርጉም ለኔ የገባኝ በዚያች ማታ ነው።

ስምንት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፥ በዚህ ትምህርት ቤት የሕይወት ሳይንስ መምህራችን ስለ ወፎች ጠባይ ሲያስተምሩን ያንኑ የቆቅ ነገር አነሡ። ይህን አድራጎት ከ2300 ዓመት በፊት አንድ የግሪክ ሰው ጽፎት እንደሚገኝ በነገሩን ጊዜ ማመን አቃተኝ። ለካስ አያቴ በእሳት ዳር የነገሩኝ ነገር በመጽሐፍ የተጻፈ ኖሯል! ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ሰው ማን እንደ ነበረ ለማወቅ የቤተ መጻሕፍታችንን መደርደሪያ ስፈትሽ ከረምሁ።

አርስጣጣሊስ፥ ዛሬ ብዙዎች አሪስቶትል የሚሉት፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 ዓመት በሰሜን ግሪክ ስታጊራ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። አባቱ ኒቆማኮስ የመቄዶንያው ንጉሥ የአሚንታስ ሐኪም ነበረ። እናቱ ፋይስቲስ ወገኖቿ ከኤውቦያ ደሴት፥ ከካልቂስ ከተማ ነበሩ። ይህችን ካልቂስን አንባቢዎች እንዳትረሱብኝ እለምናለሁ፤ በመጨረሻው ላይ እንመለስባታለን። ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ስለ ሞቱበት ፕሮክሴኖስ የተባለ ሰው አሳደገው። በ17 ዓመቱ፥ ይኸውም በኔ በአሁኑ ዕድሜ መሆኑ ነው፥ ወደ አቴና ሄዶ ከአፍላጦን ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም 20 ዓመት ቆየ። እኛ አራቱ ዓመት ረዘመብን ስንል ይህን ማሰብ ይገባናል።

አፍላጦን በ347 ዓመት በሞተ ጊዜ የትምህርት ቤቱ አለቅነት ለእኅቱ ልጅ ለስፔውሲጶስ ተሰጠ። አርስጣጣሊስም አቴናን ለቆ ሄደ። አንዳንዶቹ ሹመቱ ስለ ቀረበት አዝኖ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ አቴናውያን የመቄዶንያን ወዳጆች በክፉ ዓይን ማየት ስለ ጀመሩ ነው ይላሉ። ይህም ሆነ ያ፥ ባሕሩን ተሻግሮ ዛሬ የቱርክ ግዛት በሆነው ዳርቻ አሶስ በምትባል ከተማ ተቀመጠ። የዚያ አካባቢ ገዢ ሄርሜያስ የሚባል ሰው ነበረ። ይህ ሰው ቀድሞ ባሪያ እንደ ነበረና በጥበቡ ለገዢነት እንደ በቃ ይተረካል። ሊቃውንትን ይወድ ስለ ነበር አርስጣጣሊስን በክብር ተቀብሎ ዘመዱን ፒቲያስን ዳረለት።

ከጥቂት ዓመት በኋላ በአቅራቢያው ወደምትገኘው ወደ ሌስቦስ ደሴት ተሻገረ። ቴዎፍራስጦስ የተባለው ወዳጁ የዚያች ደሴት ተወላጅ ነበረና። የሕይወቱን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ይህን ዘመን በሁለት መስመር ያልፉታል። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የምወደው ይህንኑ ነው። በሌስቦስ መካከል ከባሕሩ ወደ የብሱ የገባ፥ ውኃው ጸጥ ያለ ሰፊ ሰላጤ አለ፤ በዚያ ዘመን በፒራ ከተማ ስም ይጠራ ነበር፥ ዛሬ ካሎኒ ይባላል። በአቴና ሲከራከር የኖረው ሊቅ በዚህ ሰላጤ ዳር የዓሣ አጥማጆችን መረብ ይመለከት ነበር። ዓሣውን ይሰነጥቃል፥ ሆድቃውን ይለያል፥ እንቁላሉን ይመረምራል። በኋላም በጻፋቸው የእንስሳት መጻሕፍት ውስጥ ይህ የፒራ ሰላጤ ስሙ ደጋግሞ ይነሣል።

እንግዲህ የዚያ ዘመን ትልቅ ሰው ዓሣ አጥማጅን ቁጭ ብሎ መጠየቁን እንደ ቀላል ነገር አትዩት። የእጅ ሥራ የባሮች ፈንታ ሆኖ በሚቈጠርበት አገር፥ የእጅ ሠራተኛ የሚያውቀውን ነገር ፈላስፋ አያውቀውም ብሎ ማመን ድፍረት ይጠይቃል። አርስጣጣሊስ ንብ አርቢዎችን፥ እረኞችን፥ ወፍ አጥማጆችንና አዳኞችን ሁሉ ጠይቋል። የነገሩትንም ሁሉ አልተቀበለም። ያየውንና የሰማውን እየለየ 500 ያህል ዓይነት እንስሳ በመጽሐፉ አስፍሯል። የዶሮን እንቁላል አስታቅፎ በየቀኑ አንዳንዱን እየሰበረ ተመለከተ። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ካለፈ በኋላ በእንቁላሉ ውስጥ አንዲት የደም ነጥብ ሕይወት እንዳላት ስትመታ አየ፤ እርሷም ልብ ናት። ይህን በክፍላችን ለማየት ሞክረን ሁለት እንቁላል አበላሽተናል፤ በሦስተኛው ግን የነጥቧን ምት ሁላችንም በዓይናችን አየን። ሳይጮኽ የቀረ ተማሪ አልነበረም።

ስለ ቆቅ የጻፈው የእንስሳት ታሪክ በተባለው ትልቅ መጽሐፍ በዘጠነኛው ክፍል ይገኛል። ይህን ክፍል የተማሪዎቹ እጅ ሳይነካው አልቀረም የሚሉ ሊቃውንት ያሉ መሆናቸውን መሸሸግ አይገባኝም፤ ቢሆንም ትምህርቱ ከእርሱ ቤት የወጣ ነው። በዚያ እንደ ተጻፈው፥ እንደ ቆቅ ያሉ ሰውነታቸው ከባድ የሆነ ወፎች በዛፍ ላይ ጎጆ አይሠሩም። ከደልዳላ መሬት ላይ አፈሩን ጭረው፥ ጭልፊትና ንስር እንዳያያቸው እሾህና ጭራሮ ደርበው በዚያ ይጥላሉ። ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ ወዲያው ይዘዋቸው ይወጣሉ። ቆቂቱ የምታድርበትን ሥፍራ ትለዋውጣለች፤ ከአንድ ቦታ ብዙ የቆየች እንደ ሆነ እንዳይታወቅባት ነው። እንቁላሏም ከ10 አያንስም፤ እስከ 16 ይደርሳል። አዳኝ ከጫጩቶቿ ላይ በድንገት የመጣባት እንደ ሆነ እንደ ሽባ ሆና በፊቱ ትንከባለላለች፤ ሰውየውም አሁን ያዝኋት አሁን ያዝኋት ሲል ጫጩቶቹ በየፊናቸው ይበተናሉ። ከዚያ በኋላ ተመልሳ ትጠራቸዋለች።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የባቄላው ማሳና አለንጋው በዓይነ ኅሊናዬ መጡብኝ። የግሪኩ ቆቅና የኛ ቆቅ ዘራቸው አንድ ባይሆንም ዘዴያቸው አንድ ነው።

በኛ ዘመን ይህ ነገር በብዙ ተጠንቷል። በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ አንድ ጥናት ክንፉ የተሰበረ መስሎ ጠላትን የሚያዘናጋ ወፍ ከ280 ዓይነት በላይ መሆኑን አስቈጥሯል። የቁመቱን ትልቅነት የምናውቀው ሰጎን እንኳ ከጫጩቶቹ ላይ አደጋ ሲመጣበት ክንፉን እየዘረጋና እየወደቀ ጠላቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይስባል። ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩ አንዳንድ ምሁራን ወፊቱ አውቃ የምታደርገው አይደለም፤ መሸሽና መቅረት ሁለቱ ፍላጎቶች ሲጋጩባት በድንጋጤ ሰውነቷ ስለሚንቀጠቀጥ ነው ይሉ ነበር። ነገር ግን በአሜሪካ ባሕር ዳር አሸዋ ላይ የሚፈለፍሉ ትናንሽ ወፎችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አስተዋሉ። ወፊቱ እየተንፏቀቀች ሳለ ወደ ኋላ እየዞረች ጠላቷ መከተሉን ትመለከታለች፤ ያልተከተላት እንደ ሆነ ትመለስና እንደ ገና ከቅርብ ትጀምራለች። የምትሄድበትም አቅጣጫ ወደ ጎጆዋ አይደለም። ድንጋጤ ብቻ ቢሆን ይህን ሁሉ ስሌት ከየት ታመጣዋለች?

ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ይህ ነው። በአሜሪካ ሜዳ የሚኖር ከነዚያው ወገን የሆነ አንድ ወፍ ውሻ ወይም ቀበሮ ሲመጣ ክንፈ ሰባራ ይሆናል፤ ላም ስትመጣ ግን ይህን አያደርግም። ላም ወፍ አትበላምና የታመመ ወፍ ብታይ አትከተለውም። የላም አደጋዋ እንቁላሉን መርገጧ ነው። ስለዚህ በእንቁላሉ ፊት ቆሞ ክንፉንና ጅራቱን ዘርግቶ ራሱን ትልቅ አድርጎ ያሳያታል፤ እርሷም ደንግጣ ዞር ትላለች። እኔ ከከብቶቼ ጋር በነበርሁ ጊዜ ቆቋ ይህን ለጊደሪቱ አድርጋላት እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር አላየሁም፤ ዓይኔ ሥጋው ላይ ነበር።

አርስጣጣሊስ የጻፈው ስለ ቆቅ ብቻ አይደለም። ጉጉት በቀን ብርሃን የታየች እንደ ሆነ ትናንሽ ወፎች ግር ብለው ከብበው እየጮኹ ላባዋን እንደሚነጩ፥ የግሪክ ወፍ አጥማጆችም ይህን ስለሚያውቁ ጉጉትን አስረው ሌሎቹን ወፎች እንደሚያጠምዱባት ጽፏል። ስለ ኩኩ የጻፈው ግን ከዚህ ይበልጣል። በዘመኑ ሰዎች ኩኩ ራሱ የተለወጠ ጭልፊት ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ መልኩና አበራረሩ ይመሳሰላልና። እርሱ ግን ጥፍሩን ተመለከተ። የጭልፊት ጥፍር ቈልማማ ነው፤ የኩኩ አይደለም። ራሱም ርግብ ይመስላል። ደግሞም ጭልፊት ኩኩን ሲበላ ታይቷል፥ አንድ ወፍ የገዛ ወገኑን እንዲህ ሲበላ ግን አልታየም ብሎ ክርክሩን ዘጋ። በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይህን መመሳሰል ፈትነው፥ ትናንሽ ወፎች ኩኩን ሲያዩ ጭልፊት እንዳዩ ያህል እንደሚፈሩት አረጋገጡ። ኩኩ እንቁላሉን በሌሎች ጎጆ የሚጥል ስለ ሆነ መፈራቱ ይጠቅመዋል። ሕዝቡ መመሳሰሉን ማየቱ ትክክል ነበር፤ ፈላስፋውም አንድ አይደሉም ማለቱ ትክክል ነበር።

አልተሳሳተም ማለቴ አይደለም። ወንድ ከሴት ይልቅ ብዙ ጥርስ አለው ብሎ ጽፏል፤ በክፍላችን የሚገኙት ሴት ልጆች ይህን በሰሙ ጊዜ የሳቁት ሳቅ እስከ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተሰምቷል። አንዳንድ ወፎች በክረምት ላባቸውን ጥለው በጕድጓድ ይተኛሉ ብሎም ያምን ነበር። ነገር ግን ስለሚፈልሱት ወፎች የጻፈው እኛንም ይመለከታል። በእንግሊዝኛ ክሬን የሚባሉት፥ ረጅም እግርና ረጅም አንገት ያላቸው ግራጫ ወፎች፥ ከሰሜኑ ሜዳ ተነሥተው ከግብጽ በላይ የዓባይ ምንጭ ወደሚገኝበት ረግረግ እንደሚሄዱ ጽፏል። እነዚህ ወፎች ዛሬም በበጋ ወራት በደጋው አገራችን ሜዳዎች ላይ ሲሰማሩ ይታያሉ።

ወደ ሕይወቱ ታሪክ ልመለስ። በ343 ዓመት የመቄዶንያው ንጉሥ ፊልጶስ የ13 ዓመት ልጁን እስክንድርን እንዲያስተምርለት ጠራው። እስክንድር በኋላ ዓለምን በያዘ ጊዜ ለመምህሩ እንስሳ የሚሰበስቡ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች አዘዘለት ተብሎ ተጽፏል፤ እኔ ግን ይህን ተረት ነው እላለሁ፥ በመጻሕፍቱ ውስጥ የሚነበበው አብዛኛው የግሪክና የባሕሩ ዳርቻ እንስሳ ነውና።

በመቄዶንያ ሳለ ከባድ ኀዘን ደረሰበት። ወዳጁን ሄርሜያስን የፋርስ ንጉሥ የጦር አለቃ በተንኮል ይዞ ወደ ንጉሡ ላከው። የፋርስ ሰዎች ከመቄዶንያ ጋር የዶለተውን ምሥጢር እንዲያወጣ በብርቱ አሠቃዩት። አንድም ቃል ሳይነግራቸው ሞተ ይባላል። ለወዳጆቹ የላከውም የመጨረሻ መልእክት ለፍልስፍና የማይገባ ሥራ እንዳልሠራ የሚገልጽ ነበር ተብሎ ይተረካል። እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። በክንፍ የሚደረገው በምላስም ይደረጋል ማለት ነው፤ ልዩነቱ ቆቋ በመጨረሻ ትበራለች። አርስጣጣሊስ ለወዳጁ መታሰቢያ በዴልፊ ሐውልት አቆመለት፤ የመወድስ ግጥምም ደረሰለት። ይህ ግጥም ከ18 ዓመት ያህል በኋላ በራሱ ላይ ክስ ሆኖ እንደሚመጣ በዚያን ጊዜ አላወቀም።

በ335 ዓመት ወደ አቴና ተመልሶ ሊቄዮን የተባለውን የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። በዚያ 12 ዓመት ያህል አስተማረ። ስለ አመክንዮ፥ ስለ መንግሥት አቋም፥ ስለ ሰማያት፥ ስለ ግጥም ያልጻፈበት ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ እነዚህን ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች እተዋቸዋለሁ። ሚስቱ ፒቲያስ አንዲት ሴት ልጅ ትታለት ሞተች። በኋላም ከሄርፒሊስ ጋር ኖሮ በአባቱ ስም ኒቆማኮስ የተባለ ወንድ ልጅ አሳደገ።

በ323 ዓመት እስክንድር በባቢሎን ሞተ የሚል ወሬ አቴና በደረሰ ጊዜ ከተማይቱ ተነሣች። የመቄዶንያን ቀንበር ለመጣል ጦር ተሰበሰበ። የእስክንድር መምህር የነበረ፥ ከተማይቱን በሩቅ ከሚገዛት ከአንቲጳጥሮስ ጋርም ወዳጅ የሆነ ሰው በዚያ ጊዜ እንዴት እንደሚታይ መገመት አያስቸግርም። በፖለቲካ ሊከሱት አልፈለጉም ወይም አልቻሉም። አንድ ካህን ያንን ለሄርሜያስ የተደረሰውን ግጥም አወጣና፥ ይህ ሰው ሟችን ሰው እንደ አምላክ አመስግኗል፥ አማልክትን ክዷል ሲል ከሰሰው። በዚህችው ከተማ ከ76 ዓመት በፊት ሶቅራጥስ በእንዲህ ያለ ክስ መርዝ ጠጥቶ ሞቷል።

አርስጣጣሊስ አልቆየም። አቴና በፍልስፍና ላይ ሁለተኛ ኀጢአት እንድትሠራ እንደማይፈቅድ ተናግሮ ወጣ ይባላል። ይህን አንዳንድ ሰዎች ፍርሃት ነው ይሉታል፤ እኔ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በክርክር ማኅበራችን ሁለት ሰዓት ተከራክሬበት በድምፅ ተሸንፌያለሁ። አሁንም ቢሆን ሐሳቤን አልለወጥሁም። ሶቅራጥስ ስለ ቀረ ትልቅ ሆነ፤ ይህኛው ግን ስለ ሄደ ትንሽ አልሆነም። መጻሕፍቱና ተማሪዎቹ ከቴዎፍራስጦስ ጋር በሊቄዮን ቀሩ፥ ትምህርት ቤቱም አልተዘጋም፤ የተከሰሰው ሰው ግን ከከተማው ርቆ ነበር።

የሄደውም እንዳትረሷት ወደ ለመንኋችሁ ወደ እናቱ አገር ወደ ካልቂስ ነው። በዓመቱ፥ በ322፥ በሆድ ሕመም በ62 ዓመት ዕድሜው ገደማ በዚያው ሞተ።

ኑዛዜው እስከ ዛሬ ይገኛል። ስለ ፍልስፍና አንድም ነገር የለበትም። ሴት ልጁ ለዐቅመ ሔዋን ስትደርስ ለማን እንደምትዳር ተናዟል። ለሄርፒሊስ ለእርሱ ደግ እንደ ነበረች አስታውሶ፥ በካልቂስ ወይም በስታጊራ ካሉት ቤቶቹ የወደደችው እንዲሰጣት፥ ሌላ ባል ማግባት ብትፈልግም ለማይገባ ሰው እንዳትሰጥ አዘዘ። ሲያገለግሉት ከነበሩት ልጆች አንዳቸውም እንዳይሸጡ፥ ዕድሜያቸው ሲደርስ እንደሚገባቸው ነጻ እንዲወጡ አደረገ። የፒቲያስም አጥንት፥ ራሷ እንደ ተናዘዘችው፥ ከእርሱ ጋር በአንድ መቃብር እንዲያርፍ ተናዘዘ።

ስሙ ወደ አገራችን የገባው በጥንት ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ በተመለሰው በመጽሐፈ ፈላስፋ ውስጥ ከጠቢባኑ መካከል ይቈጠራል። የእንስሳት መጽሐፉ ግን ለኛ ሊቃውንት አልደረሳቸውም፤ ስለ እንስሳት ያነቡት የነበረው ፊሳልጎስ የሚባለውን ነበር፥ እርሱም እያንዳንዱን አውሬና ወፍ ለሃይማኖት ምሳሌ የሚተረጕም እንጂ በዓይን አይቶ የሚመረምር አይደለም። በ1882 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን ሊሞት ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ስለ እንስሳት ክፍሎች የተጻፈውን የአርስጣጣሊስን መጽሐፍ በትርጉም አንብቦ፥ እስከ ዚያ ቀን ድረስ ያከበራቸው ታላላቅ የተፈጥሮ ሊቃውንት ከዚህ ሽማግሌ ጋር ሲተያዩ የትምህርት ቤት ልጆች መሆናቸውን ለተርጓሚው ጽፎለታል።

ባለፈው ዕረፍት ወደ መንዝ ሄጄ ነበር። ከዚያው ተዳፋት ላይ አንዲት ቆቅ ክንፏን እየጎተተች ከፊቴ ወጣች። ያችው ልትሆን አትችልም፤ ልጇ ወይም የልጅ ልጇ ትሆን ይሆናል። በዚህ ጊዜ አልተከተልኋትም፤ ባለሁበት ቆሜ ከእግሬ አጠገብ ያለውን ሣር ተመለከትሁ። ብዙ ከፈለግሁ በኋላ ከደረቀ ቅጠል የማይለይ አንድ ጫጩት አየሁ፤ ቀጥሎም ሌላ፤ እስከ ሰባት ቈጠርሁ። አንዱም አልተንቀሳቀሰም። እናታቸው ከወዲያ ማዶ እየወደቀች ትጮኽ ነበር። እግሬን አንሥቼ የማሳርፍበትን እያየሁ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ማታ ለአያቴ የአርስጣጣሊስን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫወትኋቸው። ዛሬ በጣም አርጅተዋል፤ ቢሆንም እስኪያልቅ ድረስ ጋቢያቸውን ተከናንበው አዳመጡኝ። ከዚያም ሰውየው በልጅነቱ ከብት ጠብቆ ያውቅ እንደ ሆነ ጠየቁኝ። የሐኪም ልጅ እንደ ነበረና ከብት ስለ መጠበቁ የትም እንዳላነበብሁ መለስሁላቸው። ጥቂት አሰቡና፥ እንግዲያውስ ከእረኛ ጠይቆ ነው አሉኝ።